ስክሪኑ ያልተቀየረበት እሁድ

ሮሆቦት እሁድ ጠዋት ከታቦር ሰፈር ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትወርድ መንገዱ ገና ባዶ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ስክሪኑ መከፈት፣ መብራቶቹ መሞከር፣ ካሜራው ቦታውን መያዝ አለበት። ሳምንቱን ሙሉ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ባነር ስትነድፍ ትውላለች። የምርቃት ባነር፣ የሠርግ ባነር፣ የአዲስ ሱቅ ባነር፤ የዘመን መለወጫው በዓል ፊቼ ሲቃረብ ደግሞ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ዙሪያ ከሚሰቀለው ብዙው በእጇ ያልፋል። ዓይኗ ከኮምፒውተር የሚያርፍበት ቀን እሁድ መሆን ነበረበት። እሁድ ግን ሌላ ኮምፒውተር ይጠብቃታል።

የምታገለግልበት ቦታ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከመግቢያው በር በላይ ነው። በእንጨት መሰላል የሚወጣበት ጠባብ ሰገነት ሲሆን ምእመናኑ በአጭሩ «ላይ» ይሉታል። እዚያ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የመብራት መቆጣጠሪያ፣ አንድ የካሜራ ስክሪንና አንድ ወንበር አሉ። ስለ ወንበሩ በኋላ እናገራለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ሥራው ቁልፍ መጫን ይመስላል። እኔም አንድ እሁድ አጠገቧ ተቀምጬ እስካይ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የመዝሙሩ ግጥም በትልቁ ስክሪን ላይ መውጣት ያለበት ዘማሪው አፉን ከመክፈቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከዘገየ ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ከፈጠነ ሕዝቡ ያልደረሰበትን ያነብባል። ዘማሪው ደግሞ እንደ ተለማመደው አይሄድም። ልቡ ሲነካ አዝማቹን ይደግማል፣ አንዳንዴም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ መዝሙር የሚመራው ኢዮስያስና ሮሆቦት በእጅ ምልክት ተስማምተዋል። እጅ ወደ ላይ ከተነሣ አዝማች ነው፤ መዳፍ ወደ ታች ከሆነ መብራቱ ይቀንስ ማለት ነው። ችግሩ ኢዮስያስ ጌታን ሲያመሰግንም እጁን ያነሣል።

«ታዲያ በምን ትለዪዋለሽ?» አልኳት።

«በክርኑ» አለች ዓይኗን ከመድረኩ ሳታነሣ። «ለእኔ ከሆነ ክርኑ ይታጠፋል። ለጌታ ከሆነ ይዘረጋል።»

መብራቶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ከጣሪያው ብረት ላይ የተንጠለጠሉት፣ አንገታቸው የሚዞረው መብራቶች ሁሉም በአንድ ገመድ ይያያዛሉ፤ ገመዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀጠለ ይሄዳል። ትእዛዙ ሁሉ በዚያው ገመድ አብሮ ይፈስሳል፤ ግን እያንዳንዱ መብራት የራሱ ቁጥር አለውና በቁጥሩ የተጠራውን ብቻ ይሰማል። በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አንዱ ብቻ «አቤት» እንደሚለው ማለት ነው። የሚሰማውም ብዙ ነው፤ ወዴት ልዙር፣ ምን ያህል ልብራ፣ ምን ቀለም ልልበስ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በሁለት እጁ እየነካካ ሊመራው ስለማይችል ሮሆቦት ቅዳሜ ቁጭ ብላ ቅደም ተከተል ትሠራለታለች። ሰማያዊ ሆነው ወደ ታች ያያሉ፤ ቀስ ብለው ቀና ይላሉ፤ ወርቃማ ይሆናሉ፤ ተመልሰው ይሰግዳሉ። አንዴ ካስጀመረቻቸው ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ያንኑ እየደገሙ ይኖራሉ።

ከግጥሙ በስተጀርባ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሥዕልም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ከኢንተርኔት የወረደ ነበር የሚጠቀሙት፤ በረዶ የሚዘንብበት የባዕድ አገር ጫካ። እማማ ገበያነሽ፣ የእናቶችን ጸሎት የሚመሩት ሴት፣ አንድ ቀን መሰላሉ ሥር ቆመው ወደ ላይ ተጣሩ።

«ልጄ፣ ያ ከላይ የሚረግፈው ነጩ ነገር ጥጥ ነው ወይስ ዱቄት?»

«በረዶ ነው እማማ።»

«እኔ ዱቄት መስሎኝ መዝሙሩን ሁሉ ስሳሳ ዋልኩ።»

ሮሆቦት በዚያው ሳምንት ስልኳን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ራቅ ብላ የማለዳውን ውሃ ቀረጸች። ከዚያ የቀረጸችውን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር አቀላቀለችው፤ አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ እንዲመጣ አድርጋ። ስፌቱ የት እንዳለ እያወቅኩ እንኳ ፈልጌ አላገኘሁትም። ውሃው ማብቂያ የለውም፤ ሰው እስካላቆመው ድረስ ይፈስሳል። ይህን ያህል የተዋጣለት ሥራ ነው። ሮሆቦት ግን ሳሞግሰው «እሱ አይደክመውም» ብቻ አለችኝ።

እሷ ግን ደክሟታል። ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ የወጣቶች ፕሮግራም፣ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሁድ አምልኮ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ዓይኗን የማትጨፍን እሷ ብቻ ናት፤ ከጸሎቱ በኋላ የሚመጣውን ማዘጋጀት አለባትና። የሚተካት ሰው የለም እንዳይባል ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች አንዳንዴ ይማሩላታል፤ ሲለምዱ ግን ተመርቀው ይሄዳሉ።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሁ «በቃኝ» ብሎ አይቀመጥም። ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚያሳርፉት። ሮሆቦት መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ «ደክሞኛል» ስትል ጉባኤው ተነሥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ ጭኖ ለብርታቷ ጸለየ። ጸሎቱ ልብ የሚነካ ነበር። ሲያበቃ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ኩማ እንባቸውን ጠርገው የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም እጇ ላይ አኖሩላት።

በሌላ ጊዜ ደግማ ሄደች። በዚያን ጊዜ ጋሽ ኩማ ነገሩን በጥልቀት አሰቡበት። «ደከመኝ» የሚል ሰው የሚቀመጥበት ይቸግረዋል ማለት ነው ብለው ከራሳቸው የቢሮ ዕቃ መሸጫ ጥቁር ወንበር አስመጡ። የሚሽከረከር፣ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ የራስ መደገፊያው በመረብ የተሠራ ወንበር ነው። በመሰላሉ ለማውጣት ሦስት ወንዶች ላባቸው ጠብ ብሏል።

«እንግዲህ ድካም የለም!» አሉ ጋሽ ኩማ፣ ፕላስቲኩን እየላጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ኩማ» አለች ሮሆቦት። ሌላ ምን ትበል?

ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ያሰበችው በልጇ ምክንያት ነው። ኢያኤል አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሕፃን ሳለች ስላረፈ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የጥምቀት ትምህርቷን ጨርሳ በወሩ የመጨረሻ እሁድ እንድትጠመቅ ተወሰነ። መጠመቂያው በግቢው ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ ነው፤ ደረጃ አለው። በእነርሱ ልማድ ተጠማቂው ከውሃው ሲወጣ የቤቱ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ደረቅ ነጠላ ዘርግቶ ይቀበለዋል። እናት ካለች እናት ናት።

«እማዬ፣ እኔን ማን ነው የሚቀበለኝ?» አለች ኢያኤል አንድ ምሽት እራት እየበሉ።

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው?»

«አንቺማ ላይ ነሽ።»

«እወርዳለሁ።»

«ገንዳውን በካሜራ አዳራሽ ላሉት ማን ያሳያቸዋል? ስክሪኑን ማን ይይዛል?» ኢያኤል ቁራሹን በወጡ ላይ አዟዟረችው። «ባለፈው ዓመት ብቻዬን ስዘምር ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«ጎበዝ ነበርሽ አልኩሽ።»

«‘ትንሽ ወደ ግራ ብትቆሚ መብራቱ ያገኝሽ ነበር’ ነው ያልሽኝ።»

ሮሆቦት ሳቀች። ኢያኤል ግን አልሳቀችም። እናቷ በዚያች ምሽት ወሰነች፤ የመጣው ይምጣ፣ በዚያ እሁድ ከደረጃው ላይ ትቆማለች። ለሽማግሌዎቹ የምትነግርበትን ቃል ማዘጋጀት ጀመረች።

ቃሉ ሳይዘጋጅ ነው ስክሪኑ ያልተቀየረበት እሁድ የደረሰው።

ሳምንቱ የምርቃት ሰሞን ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆማ ነው የዋለችው። ቅዳሜ በልምምዱ ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢዮስያስ ራሱ የደረሰውን አዲስ መዝሙር ይዞ መጣ። ሦስተኛውን ስንኝ አልወደደውም ነበርና እዚያው መሰላሉ ሥር ቆሞ ቀየረው፤ እየተናገረ፣ እሷ ላይ ሆና እየጻፈች።

«ለራስህም ጻፈው እንጂ» አለችው።

«ለምን እጽፈዋለሁ? አንቺ አለሽ አይደል!»

ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በመድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ዘማሪዎቹ የዞረች ትንሽ ስክሪን አለች፤ ሕዝቡ የሚያየውን ግጥም ለዘማሪው ታሳያለች። ጥሩ ፈጠራ ናት። ነገር ግን እሷ ከገባች ወዲህ ኢዮስያስ ግጥም በቃሉ መያዝ ትቷል። አዲሱ ሦስተኛ ስንኝ ያለው እንግዲህ በሮሆቦት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

እሁድ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ተነሣ። አዳራሹ ሞላ፤ ሞቀም። መዝሙሩ ሲጀመር ሮሆቦት መብራቱን ዝቅ አደረገች፤ ቅደም ተከተሉን አስጀመረች፤ የሐይቁን ውሃ ከፈተች። የመጀመሪያውን ስንኝ አሳለፈች። ሁለተኛውን አወጣች፦

ውሃው አንገቴን ሲነካ
እጄን ይዘህ አሻገርከኝ፤
ማዶ ደርሼ ዞሬ ሳየው
ለካ ብቻዬን አልነበርኩም።

ሕዝቡ አብሮ ተቀበለው። ሮሆቦት ለአንድ እስትንፋስ ያህል ራሷን ወደ ኋላ አስደገፈች። ወንበሩም እንደ ተሠራበት ዓላማ ቀስ ብሎ ተኛላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ አታውቀውም፤ እኔም ከሌሎች ነው የሰማሁት። ኢዮስያስ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሶ ወደ ትንሿ ስክሪን አየ። ያው ሁለተኛው ስንኝ ነው። ደገመው። አየ። ያው ነው። ሦስተኛውን ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም ቃል አልመጣለትም። እጁን አነሣ፤ ክርኑን አጠፈ። የተለወጠ ነገር የለም። ያን ጊዜ ደገመው፤ አሁንም ደገመው። ፒያኖ ተጫዋቹ ተከተለው። መብራቶቹ ከሰማያዊ ወደ ወርቃማ፣ ከወርቃማ ወደ ሰማያዊ ይለዋወጣሉ፤ ውሃው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ላይ ያለው ሰው ተኝቷል ብሎ ማንም ሊጠረጥር አይችልም። እንዲያውም ነገሩ ሁሉ በጥንቃቄ የሚመራ ይመስላል። ሕዝቡ ስንኙን በቃሉ ያዘው፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ አንዳንዱ ተንበረከከ፤ ማልቀስ ተጀመረ። መዝሙሩ ያለቀው በሦስተኛው ስንኝ ሳይሆን በእልልታ ነው።

ሮሆቦትን የቀሰቀሳት እልልታው ነው። ደንግጣ የጫነችው ቁልፍ ሦስተኛውን ስንኝ ስክሪኑ ላይ አወጣው። ያየው ሰው አልነበረም።

ፕሮግራሙ ሲያበቃ ኢያኤል ውሃ ይዛላት መሰላሉን ወጣች። እናቷን አየቻት፤ ቀረብ ብላም አየቻት።

«እማዬ፣ ጉንጭሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሮሆቦት ዳበሰችው። የወንበሩ መረብ ዓይን ዓይኑ ጉንጯ ላይ ታትሟል።

«ተኝተሽ ነበር!»

«ዝም በይ! ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ አንቺ ተኝተሽ ነበር!» ኢያኤል አፏን በሁለት እጇ ይዛ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሮሆቦት የምታለቅስ መስሏት ጎንበስ ስትል ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ እማማ ገበያነሽ ለምስክርነት ተነሡ። ከታላቅ እህታቸው ጋር በአባታቸው ቤት ምክንያት ተኳርፈው ብዙ ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። «ልጅ ሳለን ወንዝ ስንሻገር እጄን የምትይዘኝ እሷ ነበረች» አሉ። «መጀመሪያ ስንዘምረው አላሰብኩትም። ሲደገም ትዝ አለኝ። ሲደገም፣ ሲደገም መቀመጥ አልቻልኩም። ከዚህ ወጥቼ ቀጥታ እሷ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት።» ከዚያ ወደ ሰገነቱ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ያቺን ስንኝ የያዘችልኝን ልጅ ጌታ ይባርካት!»

አዳራሹ «አሜን» አለ። ላይ ሮሆቦት አንገቷን ደፋች።

ማታ ቤት ሲገቡ ኢያኤል «ንገሪያቸው» አለቻት።

«እንዴት አድርጌ? የእማማ ገበያነሽ ምስክርነት ምን ሊሆን ነው? ሰዉ ሁሉ የእግዚአብሔር እጅ ነው ያለውን ‘አይ፣ እንቅልፍ ነው’ ልበል?»

«ካልነገርሻቸው ከዚያ ወንበር ማንም አያስነሣሽም» አለች ኢያኤል። «አሁንማ የተቀባሽ ነሽ።»

እውነቷን ነበር። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰብስበው ሳለ ሮሆቦት አንኳኩታ ስትገባ ጋሽ ኩማ ገና በሩ ላይ ተቀበሏት።

«ነይ፣ ነይ ግቢ! አንቺን ነበር የምናነሣው። እህት ሮሆቦት፣ ሌላ ጊዜ የምናሠራሽ እኛ ነን፤ ያለፈው እሁድ ግን ጌታ ነው ያሠራሽ።»

ኢዮስያስም ለጥምቀቱ ፕሮግራም ተጠርቶ እዚያ ነበር፤ እማማ ገበያነሽም የእናቶችን ጉዳይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እኔማ ልቀጥል ነበር» አለ ኢዮስያስ። «ስክሪኑ እምቢ ሲል ግን ገባኝ። እህት ሮሆቦት አንድ ነገር እየሰማች ነው፣ ልከተላት አልኩ።»

«ስለዚህ ወስነናል» አሉ ጋሽ ኩማ። «በጥምቀቱ ዕለት ይህንኑ መዝሙር፣ ልክ እንደዚያው። ስንኙን ያዢው፤ መንፈስ እስኪለቅሽ አትልቀቂው።»

ሮሆቦት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋት። ቆማ ጣቶቿን አየች።

«ጋሽ ኩማ» አለች በመጨረሻ፣ «ተኝቼ ነበር።»

«እ?»

«እሁድ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ስክሪኑን የያዝኩት እኔ አይደለሁም፤ የሚቀይረው ሰው ጠፍቶ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ነበር። ማንም አልዘመረውም።»

ጋሽ ኩማ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አየት አደረጉት፤ መልሰው አጠለቁት።

«በእግዚአብሔር ቤት? በአምልኮ መካከል?»

«አዎ።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ሰው እንዴት...»

«በወንበርዎ ነዋ ጋሽ ኩማ!» አለ ኢዮስያስ፣ ሳይፈልግ አምልጦት።

«አንተ ዝም በል! ሦስተኛውን ስንኝ አንተ አታውቀውም ነበር ወይ? የደረስከው አንተ አይደለህም?»

ኢዮስያስ ጣሪያውን አየ። «ቅዳሜ ስለተቀየረ... በደንብ አልያዝኩትም ነበር።»

«ታዲያ ‘ልከተላት አልኩ’ ያልከው?»

«እሱም አለበት» አለ ቀስ ብሎ።

ሮሆቦት ወደ እማማ ገበያነሽ መዞር አልደፈረችም። ያስጨነቃት የጋሽ ኩማ ቁጣ አልነበረም። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ወለሉን እያየች። «ረቡዕ ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

እማማ ገበያነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«ልጄ፣ እኔ የታረቅሁት ከእህቴ ጋር ነው» አሉ። «ካንቺ ዓይን ጋር አይደለም። ተኝተሽም ያዝሽው ነቅተሽ፣ ስንኙ ያው ነው። እህቴ ዛሬ ጠዋት ቤቴ መጥታ ቁርስ በልታለች፤ ይህን ምን ያደርጉታል?» ከዚያ ወደ ጋሽ ኩማ ዞሩ። «ይልቅ እርስዎ ይንገሩኝ። ይህች ልጅ እዚህ ክፍል ገብታ ‘ደከመኝ’ ስትል ስንተኛዋ ነው?»

ጋሽ ኩማ ፊታቸው ያለውን ወረቀት አገላበጡ።

«መጀመሪያ ጸለያችሁላት፤ ደግ ነው። ቀጥሎ ወንበር ገዛችሁላት። ያደከማት የተቀመጠችበት ቦታ መስሏችሁ ነው? ማረፍ ነው የጠየቀችው። ይኸው እናንተ እምቢ ስትሏት ወንበሩ እሺ አላት።»

ኢዮስያስ አፉን በእጁ ሸፈነ። ጋሽ ኩማ ራሳቸው ሳቅ ሊያመልጣቸው ደረሰ፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና ወደ ሥራው ተመለሱ። «እሺ፣ ትረፍ። ግን ማን ይተካታል? ሰው አለን? የጥምቀቱ ቀን ደርሷል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ገንዳው ዙሪያ ማቆም አንችልም።»

«በጥምቀቱ ዕለት ኢያኤል ትጠመቃለች» አለች ሮሆቦት። ከወለሉ ቀና አለች። «ስትወጣ የምቀበላት እኔ ነኝ። ሌላውን እሁድ እንደፈቀዳችሁ። ያን እሁድ ግን ላይ አልወጣም።»

እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያስታውሱታል፤ ጋሽ ኩማ ራሳቸው ለእኔ ሲያወሩ «ልጅቷ ያን ዕለት ለካ አፍ አላት አልኩ» ብለውኛል። ለጊዜው ግን ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተመለከቱ፤ ሌሎቹም ወደ እሳቸው። ውሳኔው ረጅም አልነበረም። በጥምቀቱ እሁድ ስክሪን አይኖርም፤ ካሜራም አይኖርም። ኢዮስያስ መዝሙሮቹን በቃሉ ይዞ ይመጣል። ሕዝቡ ጠበብ ብሎ ገንዳውን ይከባል።

«ከዚያ በኋላስ?» አለ ኢዮስያስ።

«ከዚያ በኋላ እናያለን» አሉ ጋሽ ኩማ። ሮሆቦት «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰው እስኪገኝ ትመለሳለች ማለት ነው፤ ሰው ደግሞ በቶሎ አይገኝም። ልትወጣ ስትል «እስቲ አንዴ እንጸልይልሽ» አሏት፤ ተነሥተውም እጃቸውን ጫኑባት። ጸሎቱ ስለ ብርታት ነበር።

የጥምቀቱ እሁድ ደመናማ ነበር። መሣሪያ ያለበትን አምልኮ አይቼ ነበርና ልዩነቱን በጉጉት ተከታተልኩት። ኢዮስያስ ግጥሙን ሁለት ጊዜ ሳተ። ሕዝቡ ቀደመው፤ በአንድ መዝሙርማ የፊተኛውና የኋለኛው ወገን የተለያየ ስንኝ ይዘምር ነበር። ሰው ተጋፋ፤ ከኋላ ያሉት «ጎንበስ በሉ እንጂ!» ይላሉ፤ አንድ ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አወጣ። ሰገነቱ ጨለማ ነው። ስክሪኑ ጥቁር፣ መብራቶቹ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተንጠለጠሉ ናቸው። ሁሉ ነገር ትንሽ ተንጋዶ፣ ግን ሄደ።

ሮሆቦት ከማለዳው ጀምራ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። እጇ ባዶ መሆኑ አስቸገራት። ነጠላውን አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጣጠፈችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ከገንዳው ደረጃ ላይ ቆመች። ከታች ያለው ውሃ እግሯን ይነካታል።

የኢያኤል ተራ ደረሰ። መጋቢው ጥያቄውን ጠየቃት፤ ድምፅ ማጉያ ስለሌለ መልሷን የሰማው ቅርብ ያለው ብቻ ነው። ሮሆቦት ቅርብ ነበረች። ልጅቷ ወደ ኋላ ተኝታ በውሃው ሥር ጠፋች፤ ውሃው ተዘጋባት፤ ከዚያ ተከፈተ። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች፤ እልልታው ግቢውን ሞላው።

ዓይኗን እንደ ገለጠች ኢያኤል ቀና ብላ ያየችው በተከፈተው የአዳራሹ የጎን በር በኩል ወደ ሰገነቱ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መድረክ ላይ በቆመች ቁጥር እናቷን የምትፈልገው እዚያ ነበርና። ጨለማውን ትንሽ አፈጠጠችበት።

«እዚህ ነኝ» አለች ሮሆቦት።

ኢያኤል ዘወር አለች። እናቷ ሁለት ደረጃ ብቻ ርቃ ነጠላውን ዘርግታ ቆማለች። ወደ ነጠላው ገባች፤ ቀዝቅዛ ትንቀጠቀጣለች። ሮሆቦት ጠቀለለቻት፤ ውሃው የእሷንም ልብስ አራሰው።

«ላይስ ማን አለ?» አለች ኢያኤል፣ ጥርሷ እየተጋጨ።

«ማንም የለም» አለች እናቷ።